ፎቶ አይቆረጥም

«እጁን አውጡልኝ» አለች አስተባባሪዋ፣ ጣቷን ፎቶው ላይ ሳታሳርፍ በቀኝ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ እያንዣበበች። «ልጅቷን ብቻዋን ነው የምፈልጋት።»

ፍሬም ሠሪው ቀና ብሎ አላያትም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ፎቶ ከሠላሳ ስምንቱ የመጨረሻው ነበር። በተራው ቁጥር ሠላሳ አንድ ቢሆንም በዚሁ እጅ የተነሳ ሳምንቱን ሙሉ ሲንከባለል ቆይቶ ዛሬ፣ ዐውደ ርዕዩ በሚከፈትበት ቀን ጠዋት፣ እዳው ፍሬም ሠሪው ላይ ወደቀ። መሃሉን እንደ ልማዱ በስስ ወረቀት ሸፍኖታል። ከወረቀቱ ውጭ የሚታዩት ጠርዞቹ ብቻ ናቸው፤ በላይ የትምህርት ቤት መስኮት፣ በግራ የተጋደመ ጀሪካን፣ በቀኝ ደግሞ ከክርኑ ወዲህ የቀረ የአዋቂ ሰው ክንድ። አንጓው ላይ ጨርቅ ታስሯል፤ ጨርቁ ተወጥሮ ወደ ወረቀቱ ሥር ይገባል።

«ምን አደረገሽ እጁ?»

«እኔንማ ምን ያደርገኛል ጋሽ ሚሊሜትር፤ ሰው ነው እንጂ። ተመልካች አዋቂ ካየ ‘ተመስገን፣ ያዝ የሚያደርጋት አላት’ ብሎ ያልፋል። ብቻዋን ስትሆን ይቆማል።»

«ፎቶ አንሺውስ ምን ይላል?»

«መልእክት ልከንለታል።»

«ምን አለ?»

«ልከንለታል አልኩዎት እኮ!»

ክፉ ሰው አይደለችም። ክፉ ብትሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አዳራሽ ስትለምን፣ ደጅ ስትጠና፣ ድምጿ እስኪሻክር ስልክ ላይ ስትጮህ የከረመች፣ ጦርነት ልጆችን ምን እንደሚያደርግ ሰው ቆሞ እንዲያይ ከልቧ የምትፈልግ ወጣት ናት። ችግሩ፣ ሰውን ለማስቆም እውነቱ አይበቃም ብላ መደምደሟ ነው። ጦርነቱ ከልጅቱ ላይ የወሰደው አንሷት፣ የተረፈላትን አንድ እጅ ደግሞ እሷ ልትወስድባት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው ሁልጊዜ ለበጎ ዓላማ፣ በጥሩ ሰዎች፣ በጥድፊያ ነው። ፍሬም ሠሪውም ከጥሩዎቹ ሰዎች አንዱ ነበር። የእጁን ዋጋ ትቶ የዕቃውን ብቻ ነው ያስከፈላቸው፤ የመግቢያው መጽሔት ላይ «ድጋፍ ያደረጉ» በሚለው ሥር ስሙ እንደሚወጣ ተነግሮታል። ባይናገረውም ደስ ብሎታል።

«ሚሊሜትር» የሚለውን ቅጽል ያወጡለት የጎረቤት አናጢዎች ናቸው። ‘ሚሊሜትር የሬሳ ሣጥን ቢያዙት ሬሳውን ትንፋሽህን ያዝ ብሎ ነው የሚለካው’ ይሉታል። ሙያውን ከነሱቁ የወረሰው ከአባቱ ነው። አባቱ ሁለት ነገር አስተምረውታል። አንደኛው ቋጠሮ ነው፤ ሲባጎው ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይቀበራል፤ በተጎተተ ቁጥር ይጠብቃል። «ሥዕል ከግድግዳ የሚወድቀው በሚስማር ምክንያት አይደለም፤ በቋጠሮ ነው» ይሉ ነበር። ይህንን እሱንም ታናሽ እህቱንም እዚሁ ጠረጴዛ ሥር አስቀምጠው አስጠንተዋቸዋል። ሁለተኛው ትእዛዝ አጭር ናት። ፎቶ አይቆረጥም፤ ይሸፈናል። የማይፈለገው ጎን ፎቶውን ዙሪያውን በሚከበው ነጭ ካርቶን ሥር ይገባል። የሸፈንከውን ነገ ትገልጠዋለህ፣ የቆረጥከውን ማን ይመልስልሃል?

ነጩ ካርቶን አልቋል። ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከነጠርዙ ለሌላ ጠባብ ፍሬም አስቀድሞ የተቆረጠ። ፎቶው እንዳለ ከሆነ አይገባበትም፣ አራት ጣት ከቀኝ ከተነሳለት ግን ልክክ ይላል። ሌላ ካርቶን ለማምጣት መሃል ከተማ መውረድ ያስፈልጋል፤ ጭነት መኪናው ደግሞ አምስት ሰዓት ላይ በር ላይ ይሆናል። ፎቶ አንሺው በፊልም እንዳነሳቸው፣ ፊልሞቹ ከነቤቱ ተቃጥለው እነዚህ ሠላሳ ስምንት ቅጂዎች ብቻ እንደተረፉ ፍሬም ሠሪው ያውቃል፤ አስተባባሪዋ ራሷ ነግራዋለች። አውጡልኝ እንጂ ቁረጡልኝ አላለችውም። የብረት ማስመሪያውን አስተካክሎ ቢላውን ሲያነሳ፣ ከወረቀቱ ጠርዝ ወጣ ብሎ የሚታየውን ቋጠሮ አየው። ሁለት ጊዜ የዞረ፣ ጫፉ የተቀበረ። ‘ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው ያሰረው’ አለ በሆዱ። ሐሳቡ እንደ አላፊ አግዳሚ ሰላም ብሎት አለፈ። ቢላውን አንድ ጊዜ ሳበው። ቁራጩ ላይ የቢላውን ኮላ ጠረገበት፤ ከዚያ እንደማንኛውም ቁርጥራጭ አራት ቦታ አጥፎ፣ በመንገድ እንዳይጋጭ ለፍሬሙ ማዕዘን መደገፊያ አደረገው።

መሃሉን የሚሸፍንበት ወረቀት ፎቶ እንዳይጫር ነው ይላል፤ ግማሹ እውነት ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲመጣለት ይህ ሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሁለት ፊት አይቶ፣ በዚያው ቀን አንድ መስታወት ከእጁ አምልጦ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ፊት አያይም፤ ጠርዝ ብቻ።

መኪናው ጭኖ ሲሄድ ሱቁን ዘግቶ ለምሳ ወደ ቤት ወጣ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፣ እሱና እህቱ። ደረጃውን ሳይጨርስ የጎረቤታቸውን ድምፅ ሰማ።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ ይቺን ልጅ አስፋልቷን ብቻ አሻግሪልኝ፤ ድስት ጥጃለሁ።»

«አልችልም።»

«ተሸከሚልኝ አላልኩሽ! እጇን ያዝ ማድረግ ምን ይከብዳል?»

«አልችልም አልኩሽ» አለች እህቱ፤ በሩም ተዘጋ።

«ጉድ እኮ ነው!» አለች ጎረቤቲቱ ለተዘጋው በር። «እኔ ደግሞ ሰው ብዬ!» ከዚያ ሚሊሜትርን አይታ ደነገጠች። እሱ የልጅቷን ቦርሳ ተቀብሎ ይዟት ወረደ፤ አሻግሯት ተመለሰ። ልጅቷ መንገዱን ሙሉ ስለ አንድ የጠፋባት ላጲስ አወራችው።

እህቱ ሾርባውን አቅርባ ጠበቀችው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሁለት አልጋ በመጋረጃ ተከፍሏል፣ የጠረጴዛው ላስቲክ ማዕዘኖቹ ላይ ተልጧል፣ ከቁም ሣጥኑ በላይ አንድ ትንሽ ባዶ ፍሬም ተሰቅሏል። እህቱ ከስድስት ዓመት በፊት ካገባችበት ከተማ ተሰዳ በአንድ ቀሚስ ስትመጣ፣ ሌላ ልብስም ፎቶም አልያዘችም። «ሥራልኝ፤ የሚጡ ፎቶ ሲገኝ እንዲቆየኝ» አለችው፤ ሠራላት። የእህቱን ልጅ ሚጡን እሱ ያያት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ገና መሄድ ስትጀምር።

ሚጡ እንዴት እንደጠፋች እህቱ አንድ ጊዜ ነው የተናገረችው፤ በመጣች በሳምንቱ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። ከተጠለሉበት ትምህርት ቤት ግቢ የሚያወጧቸው መኪኖች ሲመጡ ሰው እንዳይለያቸው በሻርፗ የልጅቷን አንጓ ከራሷ አንጓ ጋር አሰረችው። ከዚያ ተኩስ ተሰማ፣ ሰው እንደ ጎርፍ ተደፋ፣ ስትነሳ ሻርፑ እጇ ላይ ነበር፣ ልጅቷ ግን አልነበረችም። እሱ አዳምጦ ሲያበቃ፣ ያዘነ መስሎት፣ የሙያ ጥያቄ ጠየቃት። «ምን ዓይነት ቋጠሮ ነው ያሰርሽው?» «የአባባን» አለችው። «የአባባ ቋጠሮ በራሱ አይፈታም» አላት። ይኸው ነው ያለው፤ ከዚያ በላይ አንድም ቃል አልጨመረም። መጨመርም አላስፈለገውም። ‘አንቺ ነሽ የፈታሻት፣ ወይ ከመጀመሪያውም አላሰርሻትም’ ማለቱ እንደሆነ ሁለቱም ገብቷቸዋል። እህቱ ሳህኑን አንስታ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ልጅ እጅ ይዛ አታውቅም። ስድስት ዓመት አብረው በልተዋል፣ ሲታመም አስታማዋለች፣ ሲከፋት አይቷል፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን እንደ ሦስተኛ ሰው አብራቸው ትቀመጣለች።

«ጨረስካቸው?» አለችው ሾርባውን እየጨመረችለት።

«ሄዱ።»

«ፊቶቹን አየሃቸው?»

«አየኋቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም እቱ። የለችም።»

እንዲህ ማለት ለምዷል። በየጊዜው ይህንኑ ጠይቃው ይህንኑ መልሶላታል፤ ዳቦ እንደሚቆርስ ሰው ሳይከብደው። እሷም ራሷን ነቀነቀች። የስደተኞች መዝገብ፣ የቀይ መስቀል ዝርዝር፣ በየቢሮው ግድግዳ የተለጠፈ ፎቶ ሁሉ እግሯ እስኪነቃ አይታለች። በወንድሟ እጅ የሚያልፈውን ግን ለወንድሟ ትታለች። ሰው የሚያምነው ሲኖረው ይደክማል፤ ትንሽ ያርፋል።

«ዛሬ ግን ልምጣ» አለችው።

«ምን ያደርግልሻል? ለበሽታ ነው።»

«ልብሴን ቀይሬያለሁ ጋሼ።»

ያን ጊዜ ነው ያየው። ያላትን ደህና ቀሚስ ለብሳለች።

አዳራሹ አዲስ በተወለወለ ወለል ጠረን ታፍኗል። አሥር ሰዓት ላይ ንግግር ተደረገ፤ የክብር እንግዳው «ልጆች የነገ ተስፋዎቻችን ናቸው» አሉ፤ የዛሬ ምናችን እንደሆኑ ግን አልነገሩንም። ጭብጨባው ሲያበቃ ሕዝቡ ግማሹ ወደ ፎቶዎቹ፣ ግማሹ ወደ ኬኩ ሄደ። እህቱ ከቁጥር አንድ ጀመረች። ከእያንዳንዱ ፊት ትይዩ እኩል ጊዜ እየቆመች፣ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ፣ እንደ ስም ዝርዝር ታነባቸዋለች። ሚሊሜትር ሁለት ፎቶ ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተላታል። እሱ የሚያየው ፍሬሞቹ መስተካከላቸውን ነው፤ ሃያ ሁለት ቁጥር ወደ ግራ ያዘመመ መስሎት በጣቱ ገፋ አደረገው።

ሠላሳ አንድ ላይ ቆመች። ቆይታዋ ከሌሎቹ በለጠ። እጇን አንስታ ከፎቶው በስተቀኝ ያለውን ነጭ ካርቶን በመስታወቱ ላይ በጣቷ ነካችው።

«ጋሼ» አለች። «እጄ የት ሄደ?»

ያኔ ፎቶውን አየ። አንዲት ትንሽ ልጅ እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ አንድ ጫማዋ የለም፣ ቅንድቦቿ የእናቷ ናቸው፣ አገጯ የአባቱ። አልቅሳ የጨረሰች እንጂ የምታለቅስ አይደለችም። ዓይኗን ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ከፎቶው ውጭ ወዳለ ሰው ሰቅላለች። አንጓዋ ላይ የታሰረው ጨርቅ በአየር ላይ ተወጥሮ ነጩ ካርቶን ጋ ሲደርስ ያበቃል። ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ «ብቻዋን» ይላል በትልቁ፤ ዝቅ ብሎ «ማንም ሳይኖራት በትምህርት ቤት ግቢ የተገኘች የአራት ዓመት ልጅ።»

«ይቺ ልጄ ናት» አለች እህቱ፣ አሁን ድምፅ አውጥታ። «እዚህ ጋ ነበርኩ። ይኸው እዚህ። እኔን ነው የምታየው።»

ሰው ዞረ። አስተባባሪዋ እየተጣደፈች መጣች፤ የክብር እንግዳውም ሳህናቸውን እንደያዙ ጠጋ አሉ።

«እህቴ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል» አለች አስተባባሪዋ። «ግን… በምን ማረጋገጥ ይቻላል?» ይህን ስትል ዓይኗ ሚሊሜትር ላይ ዐረፈ። ፊቷ አመድ መስሏል። ሁለቱ ተያዩ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያንን እጅ ያዩ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ እነሱም እነዚሁ ናቸው።

«ታዲያ ልጅቷ አሁን የት ናት?» አሉ የክብር እንግዳው፣ በደግነት።

«አላውቅም።»

«እንዴት ግን» አለች ከኋላ አንዲት ሴት፣ ለጓደኛዋ ብቻ የተናገረች መስሏት፣ «እናት እንዴት የልጇን እጅ ትለቃለች?»

እህቱ ወደ ወንድሟ ዞረች። እሱ አፉን ከፈተ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት ቢል፣ እንዴት ቆረጥክ ትለዋለች። እንዴት ቆረጥክ ካለችው፣ ፊቷን አላየህም ወይ ይመጣል። ከዚያ የምሳው ይመጣል፣ የአምናው ይመጣል። ይህንን ሁሉ እዚያው ቆሞ ለካው። ቢቆጠር አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ግን ረጅም ነበር፤ እህቱ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ «ይቅርታ» ብላ በሰው መሃል ለማለፍ በቃት። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት!

እሱ በሌላው በር ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጠ። የማዕዘን መደገፊያዎቹ በአንድ ካርቶን ታጭቀው ተቀምጠዋል፤ ለነገው ጉዞ ተመልሰው ይፈለጋሉ። ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኮ እያንዳንዱን ይፈታ ጀመር። መቶ ሃምሳ ሁለት ናቸው። የሰማይ ቁራጭ፣ የግድግዳ ቁራጭ፣ የሌላ ሰው ትከሻ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ። ከመቶው በላይ ሲደርስ አገኘው። ኮላው ደርቆ ክንዱን አጥቁሮታል፣ እጥፋቱ በቋጠሮው መሃል አልፏል፤ ቋጠሮው ግን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉን ቀብሮ እንደጠበቀ ነው። በምራቁ ሊያጸዳው ሞከረ። ሸፍኖት ቢሆን ኖሮ፣ የመስታወቱን አራት ሚስማር ነቅሎ ካርቶኑን ማንሳት ብቻ ነበር። ሁለት ደቂቃ።

ወደ አዳራሹ ተመልሶ «እኔ ነኝ የቆረጥኩት!» አለ። «እጁ ነበረ፤ እኔ ቆርጬው ነው!» በድምፁ ራሱም ደነገጠ። ግን ሰዉ ተበትኗል። ኬኩ ጋ የቀሩ ሦስት ሰዎች እያኘኩ አዩት፤ አንዱ «ምን አሉ?» ብሎ ሌላውን ጠየቀ። አስተባባሪዋ መጥታ ክንዱን ያዘችው።

«ጋሽ ሚሊሜትር፣ በኋላ እንነጋገር።»

«ጽሑፉን አንሺው።»

«ነገ ጠዋት ነው የሚጫነው፣ ለሚቀጥለው ከተማ ሁሉም ታትሟል…»

«‘ብቻዋን’ የሚለውን አንሺው ነው የምልሽ! አልነበረችም ብቻዋን!»

ወጣቷ ማልቀስ ጀመረች፤ ከልቧ ነበር፣ ምን ይጠቅማል። ጽሑፉን ራሱ በጥፍሩ ልጦ ኪሱ ከተተውና ወጣ።

እህቱ የውጭው ደረጃ ላይ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ቁራጩን ሰጣት። ቦርሳዋ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ደልደል አደረገችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው።

«የአባባ ቋጠሮ ነው» አለች።

«አዎ።»

«አልተፈታም።»

«አልተፈታም።»

«ሻርፑ ነው የተቀደደው። የሷ ግማሽ ከሷ ጋር ሄዷል። የኔ ግማሽ ከነቋጠሮው ቀረ፤ ሻርፑ እጄ ላይ ነበር ብዬህ ነበር።»

የተናገረችበትን ቀን አስታወሰ። ሻርፑ እጇ ላይ ነበር ስትለው፣ እሱ የሰማው ልጅቷ አለመኖሯን ብቻ ነው። «ብለሽኝ ነበር» አላት። ከዚያም «እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለ።

«አውቃለሁ። እንዲህ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ሌላ ማን አለ?»

አላለቀሰችም። ከፊታቸው መኪኖች ያልፋሉ፤ ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ አዘንብላለች። ለአፍታ የከፋው ያለፈ መስሎት ትከሻው ላላ። ያኔ ነው ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ከቁራጩ ሳታነሳ የጠየቀችው።

«ምሳ ላይ ‘አየኋቸው፣ የለችም’ አልከኝ እኮ ጋሼ።»

እሱ ኪሱ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ ጨመደደው።

«የአምናዎቹንስ? ከዚያ በፊት የነበሩትን፣ ያን ጊዜ ሁለት መቶ ምናምን ናቸው ያልከኝን… እነሱንስ አይተሃቸው ነበር?»

ለሬሳ እንኳ ልክ የማይስተው ሰው ቁጥራቸውን እንጂ ፊታቸውን አልያዘም። እነዚያ ፎቶዎች የት ከተማ፣ በማን ግድግዳ፣ በየትኛው መጋዘን እንዳሉ አያውቅም። ከመሃላቸው አንዲት አንድ እግር ጫማ የሌላት፣ ወይም አድጋ ጫማ ያገኘች፣ አንጓዋ ላይ ግማሽ ሻርፕ ያሰረች ልጅ ነበረች ወይ? በስስ ወረቀት ሸፍኗት፣ ከአራቱም ጎን ለክቷት፣ ቸንክሯት ይሆን? እህቱ መልሱን አልጠበቀችም፤ ቁራጩን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አስፋልቱን ብቻዋን ተሻገረች።

እሱ ተነስቶ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ዘበኛው መብራቶቹን ማጥፋት ጀምሯል።

«ጋሼ፣ ሰዓት ደርሷል።»

«ሠላሳ ሰባት ይቀረኛል» አለውና ቁጥር አንድ ፊት ቆመ። ማዕዘኑን አላየም። እጆቹን ከኋላው አቆላለፈ፣ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ። ወንድ ልጅ ነው። ሰባት ዓመት ይሆነዋል። ግራ ቅንድቡ ላይ የቆየ ጠባሳ አለው፣ አንድ የፊት ጥርሱ የለም።